የአያትሽን ታሪክ ከማመልከቻሽ አታውጪው፤ እንደገና ጻፊው

ጥያቄ፦ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ትምህርት ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። ያሳደጉኝ አያቴ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ በቅርቡ ዐረፉ። አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ላወጣው የመስክ ባለሙያ ቦታ ባዘጋጀሁት የማመልከቻ ደብዳቤ ስለ እርሳቸው አንድ ሙሉ ገጽ ጻፍሁ። ጓደኞቼ «ለቀጣሪ ምን ያደርግለታል? አውጪው» ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ የአያትሽን ነፍስ ይማር፤ አንቺንም ያጽናሽ።

የላክሽልኝን ገጽ ደግሜ አነበብሁት። ጓደኞችሽ ያዩት ችግር እውነት ነው፤ የሰጡሽ መፍትሔ ግን አይረባም። ጽሑፍሽ «ከአባታቸው፣ ከእናታቸው ተወለዱ» ብሎ ይጀምራል፤ ትዳራቸውንና ልጆቻቸውን ቆጥሮ፣ ደግነታቸውንና እንግዳ ተቀባይነታቸውን አመስግኖ ያበቃል። በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ነው። እንደዚያነቱ መልካም ጽሑፍ ስለሆነ ለሙት ዓመታቸው አስቀምጪው። ቀጣሪው ግን ያነብበዋል፣ ያዝናል፣ ወደሚቀጥለው አመልካች ያልፋል።

ከመካከሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ክረምት ሲገባ ዋልካው ላይ መደብና ቦይ በእጃችን ያሠሩን ነበር» ብለሽ አልፈሻታል። እኔ ገጹን በሙሉ ስለ እርሷ ብትጽፊው እወድ ነበር። ዋልካ፣ ማለትም ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት ውሃ ያቁራል። ስለዚህ በብዙ ቦታ ገበሬው ዝናቡ እስኪቀንስ ጠብቆ፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም በቀረው እርጥበት ይዘራል። እስከዚያ ድረስ የታረሰው መሬት ባዶውን በጎርፍ ይታጠባል፤ የክረምቱም ዝናብ ያለ ሰብል ያልፋል። የእነዋሪ ገበሬዎች ግን ከበሬው ኋላ እየተከተሉ አፈሩን በእጅ እያነሡ ለዘሩ ከፍ ያለ መደብ ያበጃሉ፤ ውሃው በቦዩ ይወርዳል፤ ስንዴውም ቀድሞ ይዘራል። እነዋሪ ያለችበትን ጅሩን በሰንጋው ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህን አይሰማም። የአፈር ተመራማሪዎች ግን በጽሑፎቻቸው መዝግበውታል። እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹም አዲስ አበባ ይገኝ በነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የእንስሳት ማዕከል ሁለት ማረሻ አጣምሮ መደብ የሚያወጣ በበሬ የሚጎተት መሣሪያ ተሠርቶ ነበር። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው ጥቁር አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ይህን ሁሉ በእጅሽ ይዘሽ «አያቴ ያልተማሩ ገበሬ ነበሩ» ብለሽ መጻፍሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ አናድዶኛል። ሰርዢው።

በምትኩ እንዲህ ያለ አንቀጽ ሞክሪ፦ «ያደግሁት ውሃ በሚያቁር ዋልካ መሬት ላይ ነው። ከአያቴ ጋር በእጄ መደብ ሠርቻለሁ። ቦዩ ተዳፋቱ ሲበዛ አፈሩን እንደሚጠርግ፣ ሲያንስ ደግሞ ውሃው ተኝቶ ሰብሉን እንደሚያቢጫው አይቻለሁ። የእኛ ውሃ የሚወርደው ወደ ታችኛው ጎረቤት ማሳ ስለነበር፣ አያቴ መውጫውን ከጎረቤታቸው ጋር ሳይመክሩ አይቀድዱም ነበር።» የጎረቤቱን ነገር ከአካባቢው ልማድ ገምቼ ያስገባሁት ነው፤ አንቺ ካላየሽው አውጪው። ያየሽውን ብቻ ጻፊ፤ የመስክ ሰው ፈታኝ ከሆነ በሁለተኛው ጥያቄ ይደርስብሻል። የተፋሰስ ሥራ ግማሹ እኮ የጎረቤት ስምምነት ነው።

ለቃለ መጠይቁ ደግሞ በገጽሽ ያነሣሽውን፣ አያትሽ አንድ ዓመት ማዳበሪያ በብድር አልወስድም ያሉበትን ታሪክ አዘጋጂ። «ገበሬው ምክርሽን ባይቀበልስ?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ልክ ነበሩ ወይም ተሳስተዋል ለማለት አትቸኩዪ። ዝናቡ ዘግይቶ ነበር? ዕዳውን ከምን ሊከፍሉ ነበር? ያሰሉትን ስሌት ተናገሪ። ሐዘንሽ ትኩስ ስለሆነ ታሪኩን አስቀድመሽ ለሰው ጮክ ብለሽ አውሪው፤ እንባው ቢመጣ ቤት ይምጣ።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ስታመለክቺ ግን በዚህ አትድከሚ። እዚያ ብዙውን ጊዜ ሚዛን የሚደፋው የትምህርት ውጤትና የጽሑፍ ፈተና ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አልጠየቅሽኝም። አያትሽ ለዘር ያስቀመጡት እህል ጎተራ ውስጥ ካለ፣ ለምግብ ሳይወጣ ሴት አያትሽን ጠይቂያቸው፦ ስሙ ማን ነው፣ ለምን ይህንኑ ያቆዩ ነበር፣ በየትኛው ማሳ ይዘሩት ነበር? ዶክተር መላኩ ወረደ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙት የአገሪቱን የዘር ሀብት ከገበሬው ጋር ሆነው በመጠበቃቸው ነው። ገበሬው ከጥንት ያቆየው የአገር ዘር ከሆነ ለኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ማሳወቅ ትችያለሽ።

በሲቪሽ ላይ ደግሞ «የሥራ ልምድ የለም» ያልሽውን አንሥተሽ «የቤተሰብ እርሻ፣ እነዋሪ» ብለሽ የሠራሽውን በሁለት መስመር ዘርዝሪ። ደመወዝ እንዳልነበረው ግልጽ አድርጊ፤ ዓመቱን አታጋንኚ።