መርከብ ያስማረከ ከንቲባ በወንጀል ይጠየቃልን?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። የጀርመኗ የንግድ ከተማ የሉቤክ ከንቲባ ዮሐን ቪተንቦርግ በጦርነት ተሸንፎ እ.ኤ.አ. በ1363 በሞት ተቀጥቷል። ተማሪዎቼ ፍርዱ ሕጋዊ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። ዛሬ በእኛ ሕግስ ሽንፈት ያስቀጣል?

ምላሽ፦ የተከበሩ መምህር፣ ቪተንቦርግ ከመሾሙ በፊትም ሆነ በኋላ ነጋዴ ነበር። ከአባቱ ተረክቦ የቀጠለው የሒሳብ መዝገብ ዛሬም ይገኛል፤ ጨርቁን፣ ጠጉራም ቆዳውንና ብቅሉን ለማን በስንት እንደሸጠ፣ ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት ተጽፎበታል። ለሥልጣን ያበቃው የከተማው ምክር ቤትም እንደ እሱ ያሉ ባለጸጋ ነጋዴዎች ጉባኤ ነበር።

የዴንማርኩ ንጉሥ ቫልደማር 4ኛ በ1361 የባልቲክ ባሕሯን የንግድ ከተማ ቪስቢን በያዘ ጊዜ የሐንሳ ከተሞች፣ ማለትም ሉቤክን ጨምሮ በንግድ ኅብረት የተሳሰሩት ከተሞች፣ ለጦርነቱ ወጪ በንግድ ዕቃ ላይ ቀረጥ ጥለው መርከቦች አሰባሰቡ፤ ቪተንቦርግም አዛዥ ሆነ። በ1362 በንጉሡ እጅ የነበረችውን የሄልሲንቦርግ ከተማ ለመክበብ ወታደሮቹን ወደ የብስ ባወረደ ጊዜ ንጉሡ ጥበቃቸው በሳሳው መርከቦች ላይ ደርሶ 12 ትልልቆቹን ማረከ። ቪተንቦርግ ሲመለስ ታሰረ፤ በዓመቱም በከተማው ገበያ መካከል አንገቱ ተቀላ።

በዘመኑ የሉቤክ ሕግ ምክር ቤቱ አስተዳዳሪም ዳኛም ስለነበር የመፍረድ ሥልጣን አልነበረውም ማለት አይቻልም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጦርነቱን የወሰነው፣ ገንዘቡን ያወጣውና ኪሳራው የደረሰበት ይኸው ምክር ቤት ነው። በጉዳዩ ተጎጂ የሆነ ወገን፣ ያውም የራሱ ውሳኔ ሊያስነቅፈው የሚችል ወገን፣ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ሲፈርድ ሥልጣኑ ቢኖረውም ገለልተኛነቱ የለም፤ ስለዚህ ፍርዱን ሥርዓቱን የጠበቀ እንጂ ፍትሐዊ ነው ለማለት አልደፍርም።

ወደ እኛ ሕግ ስንመጣ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 57 አንድ ሰው ጥፋተኛ የሚባለው አስቦ ወይም በቸልተኝነት ወንጀል ሲፈጽም መሆኑን፣ ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ለደረሰ ነገር ግን እንደማይቀጣ ይደነግጋል። በአንቀጽ 59 መሠረት ደግሞ ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ ይህንኑ በግልጽ ሲያመለክት ብቻ ነው። ስለዚህ መሸነፍ በራሱ ወንጀል አይደለም። ዐቃቤ ሕግ በመጀመሪያ ድርጊቱን በቸልተኝነትም ቢሆን የሚያስቀጣ ድንጋጌ፣ ስለ ወታደራዊ ወንጀሎች የተደነገጉትን ጨምሮ፣ መጥቀስ አለበት፤ ከዚያም አዛዡ መርከቦቹን በቂ ጥበቃ ሳይመድብ መተዉን፣ አደጋውን ማወቅ ይገባውና ይችል እንደነበረም ማስረዳት ይጠበቅበታል። ተከላካይ ጠበቃው በበኩሉ ይመጣል ተብሎ የተጠበቀው የስዊድንና የኖርዌይ ጦር ሳይደርስ መቅረቱን ያነሳል፤ እኔ ብሆን ክርክሬን የምጀምረው ከዚያ ነው።