ሰኔ ላይ ህንድ መሄድ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ከሰኔ 5 ጀምሮ ለ12 ቀን ህንድ ልንሄድ ትኬት ልንቆርጥ ነው። ሙምባይ ገብተን፣ በባቡር ጎዋ ወርደን፣ በመጨረሻ ዴልሂ ብለናል። «ክረምት ነው፣ ተዉት» የሚሉን በዙ። እኛ ክረምት ለምደናል፤ ይህን ያህል ያሰጋል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጉዞውን አይተዉት፤ መንገዱን ግን ይለውጡት። የህንድ ክረምት እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ቢሆንም አገሩን ባንድ ጊዜ አያዳርስም። በተለመደው ዓመት የደቡብ ጫፏ ግዛት ኬረላ የሚገባው ግንቦት 24 ገደማ ነው፤ ሙምባይ ሰኔ 4፣ ዴልሂ ሰኔ 20 ይደርሳል። ሳምንት ሊቀድምም ሊዘገይም ይችላል። እንግዲህ እናንተ ሙምባይ የምትገቡት ዝናቡ በገባ ማግስት፣ ዴልሂ ደግሞ ዝናቡ ሳይደርስላት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ሰሞን ነው።

ጎዋን ለጥር ያቆዩት። የባሕር ዳር ጎጆ ምግብ ቤቶች በዝናቡ ወራት ይነሳሉ፣ ባሕሩም ስለሚናወጥ መዋኘት አደገኛ ነው። ባቡሩም በተራራ ጥግ ስለሚያልፍ፣ ናዳ ተፈርቶ በክረምት ፍጥነቱ ይቀንሳል።

በምትኩ ከዴልሂ በአውሮፕላን በሰሜን ወዳለው ተራራማ ላዳክ፣ ሌህ ወደምትባለው ከተማ ይሂዱ። ደመናውን ሂማላያ ስለሚያግደው ላዳክ በክረምትም ደረቅ ነው። ሌህ 3,500 ሜትር ላይ ስላለች ከእንጦጦ ጫፍም ትበልጣለች፤ የአዲስ አበባ ሰው ነኝ ብለው አይናቁት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ይረፉ። ከሌህ የሚነሱ በረራዎች በአየሩ ጠባይ ስለሚሰረዙ፣ ወደ አገር ከመመለሳችሁ በፊት ዴልሂ አንድ ሌሊት ትርፍ ይያዙ።

ሙምባይ ሦስት ቀን ይበቃል። ዝናቧ እንደኛው ከሰዓት በኋላ ወርዶ የሚያባራ ብቻ አይደለም፤ ቀንና ሌሊት ሊያወርደው ይችላል። ሐምሌ 2005 (እ.ኤ.አ.) ባንድ ቀን 944 ሚሊ ሜትር ዘንቦባታል። የሚብሰው ኃይለኛ ዝናብና የባሕሩ ከፍታ ሲገጣጠሙ ነው፦ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ያኔ የጎርፍ ቦዮቹ መውጫ ያጣሉ፣ ውሃው ወደ መንገድ ይመለሳል፣ የከተማው ባቡር ይቆማል። ስለዚህ ማለዳ ሁለት ነገር ይዩ፤ የህንድ ሜትዎሮሎጂ ማስጠንቀቂያ ቀለሙንና ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት። ቀለሙ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ከሆነ በዚያ ሰዓት ከሆቴል አይውጡ። ወደ አየር ማረፊያም ሁለት ሰዓት ቀድመው ይነሱ።

ጥያቄ፦ ክትባትስ? ምን ምንስ እንያዝ?

መልስ፦ ቅድሚያ ቢጫ ካርድ። ህንድ ኢትዮጵያን ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ትመድባለች፤ ካርድ የሌለው መንገደኛ እስከ 6 ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። ክትባቱ የሚቆጠረው ከተወጉ 10 ቀን በኋላ ስለሆነ ግንቦት 20 ሳያልፍ ይጨርሱት። አንዴ ከተወጉ ለዕድሜ ልክ ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው በስሙ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው፤ ካርዱ ላይና ፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

ጂንስ አይያዙ፣ በዚያ እርጥበት ቶሎ አይደርቅም። ጃንጥላውን ንፋስ ይገለብጠዋል፤ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ይሻላል። ጫማ ከኋላ የሚታሰር የፕላስቲክ ሰንደል ይሁን፤ ነጠላ ጫማ ጎርፍ ይወስደዋል። ጎርፉ ውስጥ ክፍት ጉድጓድም፣ የአይጥ ሽንት የሚያመጣው ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታም አለ። እግርዎ ላይ ቁስል ካለ ጭራሽ አይግቡበት፤ ከገቡም ወዲያው በሳሙና ይታጠቡ።

ትኩሳት ከያዛችሁ ፓራሲታሞል ብቻ ይውሰዱ። ደንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ) ከሆነ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስ ስለሚያባብሱ፣ የደም ምርመራው እስኪወጣ አይንኳቸው። የደንጊ ትንኝ የምትናከሰው ቀን ነው፤ የትንኝ ቅባቱን ጠዋት ከሆቴል ሳይወጡ ይቀቡ።