መልስ፦ የአባባ ኪኒን የካንሰር መድኃኒት ነው ወይ?

እህቴ፣ ከመሐል ሜዳ የጻፍሽውን አየሁ። ለአባባ መገጣጠሚያ ሕመም ደብረ ብርሃን የታዘዘላቸው ሜቶትሬክሴት የካንሰር መድኃኒት ነው ወይ፣ የጀመረውስ ስደተኛ ሐኪም ነው መባሉ እውነት ነው ወይ ብለሻል። ሁለቱም እውነት ነው። አባባ ግን ካንሰር አለባቸው ማለት አይደለም፣ አትደንግጪ።

ሰውየው የላፕራጋዳ ሱባራው ይባላል፣ ሕንዳዊ ነው። ማድራስ ሕክምና ተምሮ በ1920ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) ቦስተን ሲገባ የያዘው ወረቀት እዚያ ለሐኪምነት አላበቃውም፤ ሌሊት ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ ሽንት መያዣ እያጠበ ሃርቫርድ ተማረ። ከሃርቫርዱ ተመራማሪ ከፊስክ ጋር ሆኖ የሰውነታችንን የኃይል ምንጭ፣ ኤቲፒን አገኘ። ሃርቫርድ ግን ቋሚ ቦታ ነፈገው! እኔን እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በ1940 ሌደርሌ የተባለ መድኃኒት ፋብሪካ ገባ።

እዚያ ቡድኑ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን ሠራ። ከዚያ ነገሩን ገለበጡት፦ የካንሰር ሴል ለመባዛት ፎሊክ አሲድ ስለሚፈልግ፣ እሱን መስሎ ገብቶ ሥራውን የሚዘጋ አሚኖፕተሪን የሚባል ነገር ሠሩ። የቦስተኑ ሐኪም ሲድኒ ፋርበር የደም ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት ሰጠውና በ1948 ባወጣው ጽሑፍ ከ16ቱ 10ሩ ለጊዜው ተሽሏቸው ነበር። ሜቶትሬክሴት የአሚኖፕተሪን ታናሽ ወንድም ነው። ሱባራው በዚያው ዓመት በ53 ዓመቱ ሞተ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ለመገጣጠሚያ ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ ከተዋጠ ሊገድል ይችላል። ቀኑን ካርዳቸው ላይ በትልቁ ጻፊላቸው።