ስልኩ ከቦርሳ ይውጣ ወይስ አይውጣ?

ሰሞኑን ከባህር ዳርና ከአካባቢዋ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስለ ተማሪና ስልክ ነው። ጥቂቶቹን እነሆ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ስልክ ካገኘበት ይወስድና እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ አይመልስም። ድንገት መንገድ ቢዘጋ በምን ላገኘው ነው? (እናት፣ ከግሽ ዓባይ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እትዬ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። በዚህ ጊዜ ልጁን ልኮ ልቡ የሚያርፍ ወላጅ የለም። ቢሆንም በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ኪሱ ውስጥ የሚነዝር ስልክ ለማንም አይበጅም። የስም ጠሪ መምህሩንና የቢሮውን ቁጥር ይያዙ። ስልኩን ጠዋት አጥፍቶ ለስም ጠሪው ያስረክብ፣ ሲወጣ ይቀበል። ይህን በወላጆች ስብሰባ ላይ ያንሱት። ሴሚስተር ሙሉ መያዝ ግን አልዋጥልህ ብሎኛል፤ ወላጅ ተጠርቶ ቢመለስ ምን አለበት? ደግሞ በክፍል መሃል ማን እንደሚደውል ያውቃሉ? እኛው ነን። «ምሳህን በላህ?» ለማለት!

ጥያቄ፦ ከዘጌ መጥቼ ባህር ዳር ቤት ተከራይቼ 11ኛ ክፍል እማራለሁ። የታተመ መጽሐፍ አልደረሰኝም፤ ያለኝ በፒዲኤፍ ስልኬ ላይ ነው። አንዱ መምህር ግን ስልክ ካየ ያስወጣኛል።

መልስ፦ ለእኔ ዋናው ጥያቄ ያንተ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ መጽሐፍ ሳይዳረስ ስንቱ ተማሪ ከስልክ እያነበበ ነው። ዳታ ባይኖር እንኳ ፋይሉ በዜንደር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዱ ስልክ ላይ ሦስት ልጆች ተደፍተው የባዮሎጂውን ሥዕል በጣት እየለጠጡ ሲያዩ ማየት የተለመደ ነው። መጽሐፉን ሳይሰጡ ስልኩን ብቻ መከልከል ደንብ አይባልም።

ፈረንሳይ እንኳ በ2018 እ.ኤ.አ. በትምህርት ቤት ስልክን በሕግ ስትከለክል ለትምህርት ሥራ የሚውለውን አልነካችም። ዩኔስኮም በ2023 ሪፖርቱ ያለው ይህንኑ ነው፤ ስልክ ክፍል የሚገባው ለትምህርቱ ሲጠቅም ነው።

አንተ ታዲያ መምህሩን ከክፍለ ጊዜው በፊት ለብቻው አናግረው። ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርገህ ዴስክ ላይ አስቀምጠው እንጂ ጭንህ ላይ አትደብቀው። ጭን ላይ ያለ ስልክ ሁሌም ያስጠረጥራል። መምህሩ «ገጽ ክፈቱ» ሲል ይከፈታል፣ ሲጨርስ ይገለበጣል። ብር ካለህ ደግሞ የመልመጃ ገጾቹን ብቻ ፔዳ አካባቢ ካሉት ኮፒ ቤቶች ፕሪንት አስደርግ።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ ኖት መጻፍ ትተው ሰሌዳውን ፎቶ ያነሳሉ። ልከልክል? (መምህር)

መልስ፦ መምህር፣ መጻፉን ያስቀድሙ። ፎቶውን ተመልሶ የሚያየው ስንቱ ነው? ጋለሪያቸውን ቢከፍቱ የመስኮቱ ብርሃን ግማሹን ቀመር በልቶት፣ ከአጠገቡ የጣና ዳር ሰልፊ ተደርድሮ ያገኛሉ። ለሥዕላዊ መግለጫና ለረጅም ሠንጠረዥ ሲሆን ግን በመጨረሻዋ ደቂቃ ቢፈቅዱላቸው አይከፋም።

ጥያቄ፦ መምህራችን ራሱ እያስተማረ ቲክቶክ ያያል። ስልክ የምንከለከለው እኛ ብቻ ነን እንዴ?

መልስ፦ አይደላችሁም። ክፍል ውስጥ አፍ ለአፍ አትግጠሙት፤ በክፍል ተወካያችሁ በኩል ለዩኒት ሊደሩ አድርሱ።

ጥያቄ፦ ልጄ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ «ተች ስልክ ካልገዛህልኝ» ብሎ አስቸግሮኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ አይግዙለት። ለመደወል ከሆነ ባለ ቁልፉ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ለ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ስልክ መያዝ ይቻላል? አጥፍቼ ሻንጣ ውስጥ ባደርገውስ?

መልስ፦ አይቻልም እህቴ፣ ጠፍቶም ቢሆን። ስማርት ሰዓትም ያው ነው። ቤት ትተሽው ሂጂ፣ የምትወጪበትን ቀን ለቤተሰብ አስቀድመሽ ንገሪ። በስልክ አላርም መንቃት ከለመድሽ ደግሞ ከአሁኑ ያለ እሱ መነሳት ተለማመጂ።