ሁለቴ 5 ቁጥር ወጣብኝ

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ታሮት፣ ማለትም ዕጣ ፈንታ ይነገርበታል የሚባለውን ባለ ሥዕል ካርድ፣ ታነባለች። ሦስት ካርድ አወጣችልኝና ሁለቱ 5 ቁጥር ሆኑ። አንዱ ላይ ጥቁር ካባ የለበሰ ሰው አለ። ፊቷ ሲለዋወጥ ስላየሁ እንቅልፍ አጣሁ። 5 መጥፎ ነው እንዴ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ያየሽው ባለ ጽዋው 5 ነው። እስቲ ደግመሽ አስተውይው፤ ሰውየው የተደፉትን ሦስት ጽዋዎች እያየ አቀርቅሯል፣ ከኋላው ግን ሁለት ጽዋዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ዞር ብሎ አላያቸውም እንጂ። ሥዕሉን የሳለችው ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ ናት፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው።

በቁጥር ንባብ 4 የረጋ ነገር ነው፣ እንደ ጠረጴዛ አራት እግር። 5 ሲመጣ ያ እርጋታ ይናጋል። ለዚህ ነው በአራቱም የካርዱ ምድቦች፣ በጽዋም፣ በሰይፍም፣ በበትርም፣ በሳንቲምም፣ 5 ላይ ኪሳራ ወይም ጠብ የምታይው። ግን ቆጠራው እስከ 10 ይሄዳል፤ ገና መሃል ላይ ነሽ። ባለ ጽዋው 6 ላይ አንድ ልጅ ለትንሽ ልጅ አበባ ያለበት ጽዋ ሲሰጣት ታያለሽ።

እኔ በበኩሌ ካርድ ነገን ያውቃል ብዬ አላምንም። ታሮት ራሱ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ጣልያን ውስጥ የተጀመረ የካርታ ጨዋታ ነው። ጓደኛሽን ግን ፊትሽ ለምን ተለዋወጠ ብለሽ ጠይቂያት።