ውሻሽን ይዘሽ ጀርመን ለምትመጪው እህት፣ መጀመሪያ የቺፑን ቀን እዪ

ሰላም እህቴ፣ «የቤተሰብ ቪዛዬ ሊወጣ ነው፣ የሁለት ዓመት ውሻ አለችኝ፣ የእብድ ውሻ ክትባት ተከትባለች፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል» ብለሽ የጠየቅሽውን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም «ተከትቧል» ብዬ ተረጋግቼ ተቀምጬ ነው ጉድ የሆንኩት። ስለ ትኬቱ ሌላ ሰው ይነግርሻል፣ እኔ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1. ቺፕ (ከቆዳዋ ስር የሚገባው ትንሽዬ መለያ) ከክትባት በፊት! በዛው ቀን ቢሆንም ችግር የለም፣ ግን መጀመሪያ ቺፑ ይገባል፣ ባለ 15 አሃዙ ቁጥር በማሽን ይነበባል፣ ከዛ ነው መርፌው። ቺፕ ሳይኖራት የተከተበችው ለአውሮፓ ህብረት እንዳልተከተበች ነው የሚቆጠረው።

2. የደም ምርመራ። ከኢትዮጵያ ስትመጪ ክትባት ብቻውን አይበቃም። ከተከተበች 30 ቀን ከሞላት በኋላ ደም ተቀድቶ ህብረቱ እውቅና ወደሰጠው ላብራቶሪ ይላካል፣ በደሟ ያለው የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መጠን 0.5 IU/ml እና ከዛ በላይ መሆን አለበት፣ ከዛ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ትጠብቂያለሽ። ውጤቱ ከመጣበት ቀን አይደለም፣ ከተቀዳበት ነው።

እኔ ጋ የሆነው እንዲህ ነው። ውሻዬ ቦቢ ጥቅምት ላይ ተከተበ፣ ህዳር ላይ ቺፕ ገባለት፣ ታህሳስ ደሙን ቀድተን ጀርመን ላክን፣ ውጤቱም ቆንጆ ሆኖ መጣ። ክሊኒኩ ውስጥ «ቅደም ተከተሉ ልክ ነው ወይ» ብዬ ሁለት ጊዜ ጠይቄያለሁ፣ «ምንም ችግር የለውም» ነው የተባልኩት። ሦስት ወር ጠብቄ መጋቢት ላይ የጤና ሰርተፍኬት ላወጣ ስሄድ አንዷ ዶክተር ካርዱን ገልጣ ሁለቱን ቀኖች በጣቷ አሳየችኝ፣ ክትባት እዚህ፣ ቺፕ ከሱ በታች። «ይሄ ሁሉ ከዜሮ ይጀመራል» አለችኝ። እሷን አመሰግናታለሁ፣ ባታየው ኖሮ ፍራንክፈርት ላይ ነበር የሚያዝብኝ። አጠገቧ የነበረው ሰውዬ ግን «ሰው መሄጃ አጥቶ አንቺ ውሻ ልትጭኚ?» አለኝ፣ ያውም ወረፋው ሁሉ እየሰማ። ቦቢን ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ከቱቦ ስር አውጥቼ በጡጦ ነው ያሳደግኩት፣ ለዛ ሰውዬ ይሄን ማስረዳት አልፈለግኩም፣ ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

ቪዛዬ ሊያልፍብኝ ስለሆነ ቦቢን ለእማዬ ትቼ ሄድኩ። እማዬ ውሻ ከበረንዳ አታሳልፍም ነበር። መጋቢት እንደገና ተከተበ፣ ሚያዝያ መጨረሻ ደሙ ተቀዳ፣ ሁሉንም ወንድሜ ነው የጨረሰልኝ። በቪዲዮ ስደውል ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጉለታል፣ ድምፄን ሲሰማ ተነስቶ በር በሩን ያያል፣ እኔ ደግሞ እዚህ አለቅሳለሁ።

ከዛ ደግሞ ሌላ መዘዝ፦ ውሻው የሚገባው ባለቤቱ ከተጓዘበት በአምስት ቀን ውስጥ ካልሆነ እንደ ንግድ ዕቃ ነው የሚታየው፣ ህጉ ሌላ ነው። ስለዚህ ነሐሴ ላይ እሱን ልወስድ ወደ ኢትዮጵያ ተመለስኩ። ደርሶ መልስ ትኬት፣ ድጋሚ የላብራቶሪ፣ ድጋሚ የኩሪየር፣ ሁሉም በአንድ መርፌ ቅደም ተከተል!

3. ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉ። የኛ ክሊኒኮች በለመዱት በኛው ይጽፋሉ፣ ፈረንጁ ያንን ሲያይ ሰባት ስምንት ዓመት ያለፈበት ክትባት ነው የሚመስለው። የኔን አጠገባቸው ቆሜ ነው ያስቀየርኩት፣ አኩርፈውኝ ነበር፣ ያኩርፉ።

4. የጤና ሰርተፍኬቱ የመንግስት ማህተም ካረፈበት ጀምሮ እስከምትገቢ ድረስ 10 ቀን ብቻ ነው ያለሽ። ስለዚህ ቀድመሽ አታውጪ፣ ግን ፈራሚው መስክ ወጥቷል የሚሉሽ ቀን እንዳለ አስቢ። ጀርመንኛና እንግሊዝኛ ያለበትን ፎርም ነው የምትይዢው።

ሳጥኑን አናጢ ጋር በእንጨት አሰራሁ፣ ቆሞ ጭንቅላቱ ጣራ የማይነካ፣ ዞሮ መተኛት የሚችልበት። ከመጓዛችን ከአንድ ወር በፊት ቤት ውስጥ ከፍቼ አስቀመጥኩት፣ የኔን ሹራብ አነጠፍኩለት፣ በራሱ ገብቶ መተኛት ጀመረ። ማደንዘዣ እንዳትሰጫት፣ ብዙ አየር መንገዶች አይቀበሉም፣ ለሷም አደጋ ነው።

ፍራንክፈርት ስትደርሺ በአረንጓዴው በር እንዳትወጪ፣ የሚገለጽ ነገር አለኝ የሚባልበትን ቀዩን ያዢ። እኔ ጋ አንዲት ሴት ማሽኗን አንገቱ ላይ አስጠጋች፣ ቢፕ አለ፣ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ አስተያየችና መለሰችልኝ። አለቀ! ያ ሁሉ ወራት ለዛች ደቂቃ ነበር። ቦቢ ከሳጥኑ ወጥቶ እግሬ ላይ ተኛ፣ አልነሳም አለ።

አሁን ግብር ከፋይ ነው። አዎ፣ እዚህ የውሻ ግብር አለ፣ መጠኑን የምትኖሪበት ከተማ ነው የሚወስነው፣ አድራሻሽን ስታስመዘግቢ አብረሽ ጠይቂ። ፒትቡል ወይም ቡል ቴሪየር ከሆነች ግን አስቀድመሽ ተናገሪ፣ እነሱን ወደ ጀርመን ማስገባት ክልክል ነው፣ የሀበሻ ከሆነች ችግር የለም።

እማዬ ግን ቦቢ ከሄደ በኋላ በረንዳው ጭር አለብኝ ብላ ከሰፈር አንድ ቡችላ አምጥታለች፣ ሳሎን ነው የሚተኛው።

አሁን ተነሺና ካርዷን አውጪ። የቺፑ ቀን ከክትባቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እዚሁ ስር ጻፊልኝ፣ በኋላ ከሆነ ቪዛው ሳይወጣ ነገውኑ አስከትቢያት።