የሕግ ዲግሪ ሳይኖር በኮንግረስ መሥራት

ውድ ጠያቂያችን፣

በሜሪላንድ የፖለቲካ ሳይንስ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መሆንሽን ገልጸሽ፣ በአሜሪካ ኮንግረስ ለመቀጠር አስቀድሞ ሕግ ማጥናት ግዴታ እንደሆነ ጠይቀሻል። ግዴታ አይደለም። የሕግ ዲግሪ በዋናነት የሚያስፈልገው፣ የእንደራሴዎቹን ሐሳብ በሕግ ቋንቋ አርቅቀው በሚያቀርቡት የሁለቱ ምክር ቤቶች የሕግ አማካሪ ጽሕፈት ቤቶች ለመሥራት ነው።

ረቂቅ ሕግ 435 አባላት ባሉት የተወካዮች ምክር ቤትም ሆነ 100 አባላት ባሉት ሴኔት በአንድ ዓይነት ይዘት ካልጸደቀ ለፕሬዚዳንቱ እንደማይቀርብ፣ ፕሬዚዳንቱ ውድቅ ቢያደርገውም ሁለቱ ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸኑት እንደሚችሉ ተምረሻል። ሥራ ፈላጊ ይበልጥ ሊያውቀው የሚገባው ግን በየምክር ቤቱ ያሉትን ኮሚቴዎች ነው። አብዛኛው ረቂቅ ለምልአተ ጉባኤ ሳይቀርብ እዚያው ይቀራል፤ ምስክሮች የሚደመጡት፣ የአስፈጻሚው አካል ባለሥልጣናት የሚጠየቁት፣ አንቀጾች ተነሥተው ሌሎች የሚተኩት በዋናነት በኮሚቴ ነው። በዚህም ምክንያት የኮሚቴ ሠራተኞች በግብር፣ በጤና ወይም በመከላከያ ጉዳይ የበሰለ ዕውቀት ስለሚጠበቅባቸው፣ ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ወጥቶ እዚያ መቀጠር እምብዛም አይገኝም።

የተለመደው መግቢያ የአንድ እንደራሴ የዋሽንግተን ቢሮ ሲሆን፣ ተለማማጅ ሆኖ የገባ ሰው ስልክ በማንሣትና ለመራጮች ደብዳቤ መልስ በማዘጋጀት ጀምሮ አንድ የፖሊሲ መስክ እስከ መያዝ ይደርሳል። በእኔ ግምት ግን ለአንቺ የሚሻለው በምርጫ ክልሉ ውስጥ ያለው ቢሮ ነው። የኢሚግሬሽን ወረቀቱ የዘገየበት፣ የጡረታ ክፍያው የተቋረጠበት መራጭ የሚመጣው ወደዚያ ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ክልሎች ደግሞ አማርኛ መናገርሽ ለሥራው በቀጥታ ይጠቅማል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሕጉን እንዴት እንደሚያስፈጽሙ በዚህ ሥራ የተማረ ሰው፣ በኋላ ኮሚቴ ሲገባ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። (ኮንግረስ የሚሰበሰብበትን የካፒቶልን ሕንፃ በየቀኑ ማየት ለሚሹ ይህ ምክር ላይጥማቸው ይችላል።)

የተወካዮች ምክር ቤት አባል በየ2 ዓመቱ፣ ሴናተር በየ6 ዓመቱ ለምርጫ ስለሚቀርብ፣ አለቃሽ ከተሸነፈ ሥራሽም አብሮ ያበቃል። ጥናት የሚማርክሽና ከፓርቲ ወገንተኝነት መራቅ የምትፈልጊ ከሆነ፣ በ1914 የተቋቋመውን የኮንግረስ የምርምር አገልግሎት አስቢበት፤ ለዚያ ግን የማስተርስ ዲግሪ ብትይዢ ይመረጣል።

ስታመለክቺ እንደራሴው የየትኛው ኮሚቴ አባል እንደሆነ አጣሪ፤ በዚያ ኮሚቴ ፊት ካሉት ረቂቆች አንዱን መርጠሽ ማን እንደሚደግፈው፣ ማን እንደሚቃወመውና ለምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ከማመልከቻሽ ጋር አያይዢ።